ሳምፕ ልትሠሪ ስትነሺ

ልጄ፣ ዓሣ ማርባት መጀመርሽን፣ አሁን ደግሞ ከገንዳው ሥር ሳምፕ ልትሠሪ መነሳትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲያጸዱ ውሎ፣ ማታ ቡርጅ ሐሙድ ባለች አንዲት ክፍል የራስ በሆነ ነገር ፊት መቀመጥ ትልቅ ዕረፍት ነው። እጅሽ ለሥራ እንደማይሰንፍ አውቃለሁ። የምፈራልሽ ዕቃ ስትገዢ ነው፤ ሱቅ ገብተሽ ፊት ለፊት ያገኘሽውን ይዘሽ መውጣት ትወጃለሽ።

ሳምፕ ከዋናው ገንዳ በቧንቧ የሚወርደውን ውኃ ተቀብሎ፣ በክፍል በክፍል አጣርቶ፣ በፓምፕ መልሶ ወደ ላይ የሚልክ ሁለተኛ ገንዳ ነው። አሠራሩ አያስፈራም። የሚያስቸግረው ከምን እንደሚሠራ መምረጡ ነው፣ በዚህ በቤሩት ደግሞ ይብሳል። እኔ በየሳሎኑ የቆሙ ትልልቅ የዓሣ ገንዳዎችን ሳጸዳና ስጠብቅ ነው ያረጀሁት፤ ያየሁትን ሁሉ ለአንድ ጥያቄ ሰብስቤልሻለሁ። እያንዳንዱን ዕቃ ስታነሺ «መብራት ሲጠፋና እኔ ቤት ሳልኖር ይህ ነገር ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ።

1. መስታወት ከማስቆረጥሽ በፊት መጠኑን መብራት የጠፋበትን ሰዓት አስበሽ ለኪ። ቤሩት ላይ መብራት እንዴት እንደሚመጣና እንደሚሄድ አንቺም ታውቂዋለሽ። «ደውለ» የምንለው የመንግሥቱ መብራት ሲሄድ የሰፈሩ ጄኔሬተር ይነሳል፤ በመካከሉ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። በኦክቶበር 9 ቀን 2021 የዴር ዓማርና የዛህራኒ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው የመንግሥት መብራት በመላ አገሩ ጠፍቶ ነበር። ፓምፑ በቆመ ቁጥር በላይኛው ገንዳ ከመውረጃው አፍ በላይ ያለው ውኃ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለውም ጭምር፣ ወደ ታች ይወርዳል። ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 3 ሳንቲ ሜትር ውኃ ብቻ ቢያወርድ 12 ሊትር ነው። ያ 12 ሊትርና የቧንቧው ውኃ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ሳምፕሽ ውስጥ ከሌለ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ከዚያም በታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ይንጠባጠባል። እኛ ተከራይ ነን፣ ያውም የሰው አገር ተከራይ። ጣሪያው የረጠበበት ጎረቤት ለባለቤቱ ይናገራል፣ ባለቤቱም ቤቱን ልቀቂ ይልሻል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

2. ውኃ ወደ ላይ በሚመልሰው ቧንቧ ላይ፣ ከውኃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አነስተኛ ቀዳዳ ይኑር። ፓምፑ ሲቆም ያ ቧንቧ ውኃውን ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ ውኃው ወርዶ ቀዳዳው ሲገለጥ አየር ይገባና መሳቡ ይቋረጣል። ሱቅ ውስጥ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ሊሸጡልሽ ይሞክሩ ይሆናል። መግዛት ትችያለሽ፣ ግን በእሱ አትተማመኚ። አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ወይም ጥቂት አረንጓዴ ዝቃጭ አፉ ላይ ከተቀረቀረች አይዘጋም። ቀዳዳውንም ቢሆን በየሳምንቱ በጥርስ መጎርጎሪያ አጽጂው።

3. አፉን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ ነገር አትምረጪ። ውኃውን የሚያጠሩት በስፖንጁና በድንጋዩ ላይ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ታሽጎ የሚሠራው የቆርቆሮ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ ፓምፑ ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ አየር ያልቅበትና ይበሰብሳል፤ መብራት ሲመለስ ያንን የገማ ውኃ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። ሳምፕ ግን ከላይ ክፍት ስለሆነ አየር ያገኛል፣ የመብራቱንም መጥፋት ረዘም ላለ ጊዜ ይቋቋማል። ሳምፕ ለቤሩት ተስማሚ ነው የምልሽ ለዚህ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ከፈለግሽ ከላይ ሳይገጥም ጣል የሚደረግ ስስ ክዳን ይበቃዋል።

4. ለመጀመሪያ ሥራሽ መስታወት ምረጪ እንጂ ፕሌክሲ አትምረጪ። አክሪሊኩን እዚህ ሰው ሁሉ ፕሌክሲ ነው የሚለው። ፕሌክሲ ቀላል ነው፣ ለመብሳትም ይመቻል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሲሊኮን በደንብ አይዘውም። እሱን የሚያያይዘው ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያዋህድ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ያ ፈሳሽ እንዲይዝ ደግሞ ጠርዞቹ በማሽን የተስተካከሉ መሆን አለባቸው። ትነቱም በአንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚተነፈስ አይደለም። ቀጭኑ ፕሌክሲ ውኃ ሲሞላበት ጎኑ ይነፋል፣ በአሴቶን ብትጠርጊውም ይሰነጣጠቃል። ተራ መስታወት ግን ርካሽ ነው፣ አይነፋም፣ ማንኛውም መስታወት ቆራጭ በለካሽው ልክ ይቆርጥልሻል። ቁመቱ ከ40፣ ርዝመቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር ለማይበልጥ ሳምፕ 6 ሚሊ ውፍረት ይበቃል፤ ርዝመቱ ከዚያ ካለፈ 8 ሚሊ በይ። መስታወቱን የሚገፋው የውኃው ቁመት ነውና ቦታ ካነሰሽ ወደ ላይ ከማስረዘም ወደ ጎን አስፊው። ለውስጥ ክፍልፋዮች 4 ወይም 5 ሚሊ በቂ ነው። ክፍልፋዮቹን ከውስጥ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ አሳጥረሽ አስቆርጪ፤ ሲሊኮን የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ጠርዙን ሁሉ አስሞርጂ፤ ሒሳቡ ትንሽ ነው፣ እጅሽን ግን ያተርፍልሻል። አደራሽን፣ የገንዳውን መቆሚያ በር ስፋትም ለኪ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በበሩ አልገባ ያለ ሳምፕ ደጋግሜ አይቻለሁ።

5. ከተሰበረ ቤት የተለቀመ መስታወት የውጭ ግድግዳ አታድርጊ። በኦገስት 4 ቀን 2020፣ በእኛ ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ ከካራንቲና እስከ አሽራፊየ፣ ከማር ሚካኤል እስከ እኛው ቡርጅ ሐሙድ ድረስ መስኮት የተረፈው ቤት ጥቂት ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ መካከል እንደኛ ለሥራ የመጡ ስደተኞችም ነበሩ። ያን ሰሞን መንገዱ ሁሉ መስታወት ነበር፤ ያልተሰበረውንም ሰው እያነሳ አስቀመጠው። በ2024 መኸር የከተማው ደቡባዊ ዳርቻ ዳሂየ ሲደበደብም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ መስታወት እስከ ዛሬ በየመጋዘኑና በየሰገነቱ ቆሞ ታገኚዋለሽ፤ ብዙ ጊዜም በነጻ ይሰጡሻል። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አሮጌ ዕቃ አይንቅም፣ እኔም አልንቅም። ነገር ግን ተመትቶ የተረፈ መስታወት ጠርዙ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ቀንና ሌሊት ውኃ ሲገፋው አንድ ቀን ከዚያች ስንጥቅ ይጀምራል። ለውስጥ ክፍልፋይ ይሁንልሽ፤ እዚያ ቢሰነጠቅ ውኃው ከሳምፑ አይወጣም። ሌላም አለ፤ የመኪና መስኮትና የብዙ ሱቆች በር «ሴኩሪት» የሚሉት የጠነከረ መስታወት ነው። እሱ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ትራፓኖ ብታስነኪው በአንዴ ደቆ ይረግፋል።

6. ሲሊኮን ስትገዢ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሳታነቢ ገንዘብ አትክፈዪ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። የምትፈልጊው መቶ በመቶ ሲሊኮን የሆነውን ነው፤ ለዓሣ ገንዳ እንደሚሆን የተጻፈበት ካገኘሽ እሱን ውሰጂ። ለመታጠቢያ ቤትና ለወጥ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ሻጋታ የሚገድለው መድኃኒት ዓሣም ሊገድል ይችላል። ሱቁ በብዛት የሚደረድረው ደግሞ እሱን ነው፤ ነጋዴው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሰው ሁሉ ለሻወር ስለሚገዛው ነው። በውኃ የሚሟሟ ማስቲክም አለ፤ ለግድግዳ ስንጥቅ እንጂ ለገንዳ አይሆንም። ትክክለኛው አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የሚያበቃበትን ቀንም እዪ። እዚህ አገር ዕቃ በሞቃት መጋዘን ብዙ ይቆያል፤ ጊዜው ያለፈ ሲሊኮን ደግሞ ለዘላለም እንደ ማስቲካ ለስልሶ ይቀራል። ቱቦውን እንደከፈትሽ በወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሪና እደሪበት፤ ጠዋት ካልደረቀ ጣዪው።

7. ሲሊኮኑ የሚያርፍበትን ቦታ አጽድተሽ፣ ከቀባሽው በኋላ አንድ ሳምንት ጠብቂ። ሲሊኮን ቅባት ባለበት አይይዝም፤ የጣትሽ ወዝ እንኳ ይበቃዋል። መስታወቱን በአሴቶን ወይም በአልኮል ጠርገሽ ከዚያ በኋላ ጠርዙን በእጅሽ አትንኪ። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይም አይይዝም፤ ስለዚህ የሚያፈስ ገንዳ ላይ ከላይ መለጠፍ ልፋት ነው፣ አሮጌው በምላጭ ተፍቆ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው፤ የቤሩት እርጥበት በዚህ በኩል ይረዳሻል። ቢሆንም ላዩ በደቂቃዎች ቆዳ ሲያወጣ አይተሽ ደረቀ አትበይ። ውስጡ ገና ነው፤ በቀን የሚደርቀው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ያህል ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

8. የፕላስቲክ ሣጥን በቂ ነው የሚልሽ ሰው ካለ ሰምተሽ እለፊው። የልብስ ማስቀመጫው ሣጥን ውኃ ሲሞላበት ሆዱ ይነፋል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ሲሊኮን ስለማይይዘውም በውስጡ ክፍልፋይ ማቆም አትችዪም። ለምግብ የተሠራ ወፍራም በርሜል ከሆነ ግን ተጨማሪ ውኃ ለማስቀመጥ ይሆናል።

9. ውኃውን የሚነካ መዳብ፣ ናስና ጋልቫናይዝድ ብረት አታስገቢ። የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ስትገቢ የሚያብረቀርቀው መገጣጠሚያ አብዛኛው ናስ ነው፤ በናስ ውስጥ ደግሞ መዳብ አለ። መዳብ በጣም ጥቂት ሆኖ እንኳ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ የባሕር ውኃ ገንዳ ካለሽ ኮራሉንም ይጨርሰዋል። ጋልቫናይዝዱ ዚንክ ይለቃል። «የኔ እኮ የጨው ውኃ አይደለም» እንዳትዪኝ፤ በባሕር ዳሩ ሰፈሮች ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ፣ ባሕሩ ወደ ከርሰ ምድሩ ስለገባ፣ ብዙ ቦታ ጨዋማ ነው። በቦቴ የሚመጣውም ከየት እንደተቀዳ አይታወቅም። ከሰገነቱ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ «ኻዛን» ከምንለው፣ የሚወርድልሽን ውኃ ቅመሺው፤ ምላስሽ ይነግርሻል። ብረት በእንዲህ ያለ ውኃ አንድ ቀን ደህና፣ ሌላም ቀን ደህና ይመስልሻል፤ እያሳሳቀ ይወስዳል ውኃ። የጎማ ማሰሪያ ቀለበት የግድ ካስፈለገሽ ከውኃ ውጭ የሚቆም የፕላስቲክ ምረጪ። የፓምፑም ዘንግ ከብረት ይልቅ ሴራሚክ ይሁን።

10. መውረጃው ቧንቧ ከመመለሻው ይስፋ። ፓምፑ በኃይል ይገፋል፤ መውረጃው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚፈሰው፣ ከጠበበ ላይኛው ገንዳ ሞልቶ ይገነፍላል። ነጭ ወይም ግራጫ የፒቪሲ ቧንቧ ከራሱ ማጣበቂያ ጋር ግዢ። በምትበታትኚበት ቦታ ሁሉ ባለ ጥርስ የሚፈታ መገጣጠሚያ አድርጊ፤ ፓምፕ ለማጠብ ቧንቧ በመጋዝ መቁረጥ እንዳይመጣብሽ።

11. ድንጋይ ከመጨመርሽ በፊት በኮምጣጤ ፈትኚው። ሊባኖስ የኖራ ድንጋይ አገር ናት፤ ራውሼ ባሕሩ ውስጥ የቆመው ታላቅ ዓለት ሳይቀር የኖራ ድንጋይ ነው። የቤሩት ውኃ በብዛት የሚመጣው ከጄይታ ምንጭ ነው፤ በኖራ ዋሻዎች ውስጥ አልፎ ደባየ ላይ ተጣርቶ ይደርሰናል፣ ስለዚህም ከመጀመሪያው ጠንካራ ውኃ ነው። ጋፒና ሞሊ የሚባሉት ዓሦች ይወዱታል። በዚያ ላይ ከግንባታ ቦታ የለቀምሽውን ነጭ ጠጠር ስትጨምሪበት ግን ጥንካሬው ይብሳል፤ ለስላሳ ውኃ የሚወድ ዓሣ አይችለውም። በድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ አንጠባጥቢ፤ ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ አለው። የተሻለው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቢሾፍቱ አካባቢ የምናውቀው ዓይነት። እዚህ አበባ ሻጮች ጋ ታገኚዋለሽ፤ ማዳበሪያ ያልነካው መሆኑን ጠይቂና ውኃው እስኪጠራ እጠቢው። ከራምለት አል ባይዳ ባሕር ዳርቻ ግን አሸዋም ድንጋይም እንዳታመጪ፤ እዚያ የሚፈሰውን ፍሳሽ ስታልፊ በአፍንጫሽ ታውቂዋለሽ። ስፖንጅም ሲሆን የዕቃ ማጠቢያው አይሆንም። ጀርም የሚገድል መድኃኒት የተነከረበት አለ፤ አንቺ ደግሞ ባክቴሪያ ልታኖሪ እንጂ ልትገድዪ አልፈለግሽም።

12. መቆሚያውን ከቺፑድና ከኤምዲኤፍ አታሠሪ። ሁለቱም ውኃ ሲነካቸው እንደ ዳቦ ያብጣሉ፤ የዚህ ከተማ የበጋ እርጥበት ብቻውን ያዳክማቸዋል። የተቀባ የብረት ቱቦላሬ ወይም ውኃ የሚችል ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሻላል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ 6 ሚሊ መስታወት ደግሞ በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይመዝናል። 200 ሊትር ገንዳና ሳምፕ ያለው ሰው ሩብ ቶን የሚደርስ ክብደት ቤቱ ውስጥ አቁሟል ማለት ነው። ስለዚህ ግድግዳ አስጠግተሽ አቁሚው፤ በረንዳ ላይ በፍጹም። ከሳምፑ ሥር ስስ ፎም አንጥፊ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መስታወት ልትሰነጥቅ ትችላለች።

13. የማከፋፈያውን ሶኬት ከሳምፑ አጠገብ መሬት ላይ አታስቀምጪ። ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይመለስ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ይንጠባጠባል። እጅሽን ውኃ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት ሁሉንም ንቀዪ። ጄኔሬተር ሲነሳ በድንገት የሚመጣው መብራት አይታመንም።

14. ርካሹን በሁለት ነገር ላይ ብቻ አትምረጪ፤ በፓምፕና በሲሊኮን። ሊራው ከ1,500 ገደማ ተነስቶ አንድ ዶላር 89,500 ከገባ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በዶላር እንደሚሸጥ፣ የአንቺ ደመወዝ ደግሞ እንዳልጨመረ አውቃለሁ። በሌላው ሁሉ ቆጥቢ፤ ክፍልፋዩ የተለቀመ መስታወት ይሁን፣ መቆሚያው አሮጌ ብረት ይሁን። ከተረፈሽ ገንዘብ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዢ፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ዓሣውን የሚያተርፈው እሱ ነው። አንድ ያልተከፈተ ሲሊኮንም በቤት ይኑርሽ። አንቺ የምታርፊው እሑድ ነው፣ እሑድ ደግሞ በዚህ ሰፈር ብዙው የግንባታ ዕቃ ሱቅ ዝግ ነው።

15. ሠርተሽ ስትጨርሺ ወዲያው ዓሣው ወዳለበት ክፍል አታስገቢው። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አስቀምጪና እስከ አፉ ሞልተሽ ሙሉ ቀን ተዪው፤ ጋዜጣው ከረጠበ የት እንደሚያፈስ ይነግርሻል። ከዚያ ቦታው ላይ ገጥመሽ ፓምፑን አስነሺና ራስሽ ንቀዪው። ውኃው ወርዶ ሲቆም እስከ የት እንደደረሰ እዪ፤ ከአፉ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ካልቀረው ውኃ ቀንሺ። ፓምፑ ሲሠራ ውኃው የሚቆምበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት፤ ከዚያች ምልክት በላይ አትሙዪ። ይህን ደጋግመሽ ሞክሪ፤ መብራቱ እንደሆነ ያንቺን መዘጋጀት አይጠብቅም።

መስታወት ቤት ከመሄድሽ በፊት ልኩን በወረቀት ጽፈሽ ወደ እኔ ነዪ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ቡና አፍልተን አብረን እናየዋለን።